ይጠሩኛል ብዬ ከሱቁ የወጣሁ ዕለት

ከጭሮ የተነሳነው ሱብሂ ሰግደን ነው፤ እኔና የመጀመሪያ ልጄ ፈቲያ። የምንሄደው ሐረር ነው። እትዬ ራህማ የሚባሉ የሙሽራ ልብስ ሰፊ ፈቲያን ለአንድ ዓመት ቤታቸው አስቀምጠው ሙያውን ሊያስተምሯት ፈቅደው ነበር። ነገሩ በዘመድ በኩል አልቋል፤ የቀረው እኔ ቦታውን አይቼ እሺ ማለቴ ብቻ ነው። ፈቲያ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ካልሆነላት ወዲህ የጎረቤት ልብስ በእጇ እየጠገነች ቤት ተቀምጣለች። ስለ እትዬ ራህማ ከሰማች ጀምሮ ደስታ እንቅልፍ ነሳት። እኔም አልተኛሁም፤ የእኔን እንቅልፍ የነሳው ግን ፍርሃት ነበር።

እስከ መናኸሪያ በባጃጅ ሄድን። "ቀስ በል ልጄ፣ ቀስ በል" እያልኩ ባለባጃጁን አሰለቸሁት።

"እናቴ፣ ከዚህ በላይ ቀስ ካልኩ እንቆማለን እኮ" አለኝ። ፈቲያ በሻርፗ አፏን ሸፍና ሳቀች።

ሚኒባሱ ውስጥ ከመግባቴ በፊት ጎማዎቹን ዞሬ አየሁ። ሾፌሩ ሲቅም አድሮ እንደሆነም ጠየቅሁ። ረዳቱ የገበያ ጎረቤቴ ነው፣ ጫት እንደምቸረችር ያውቃል። "አንቺው ሸጠሽለት፣ አንቺው ልትቆጪው ነው?" ብሎ ተሳፋሪውን ሁሉ አሳቀብኝ። ከታሪፉ በላይ ሲጠይቀን እንኳ አልተከራከርኩም፤ ዐይኔ ጎማው ላይ ነበር። ፊት ወንበር አደገኛ ነው ብዬ ፈቲያን ከመካከል፣ ከእኔ ጎን አስቀመጥኳት። መስኮቱ ጋ መሆን ፈልጋ ነበር።

ከሂርና እስከ አወዳይ

መንገዱ ከጭሮ ወጥቶ ተራራ ለተራራ ይጠማዘዛል። በእርከን የተሠራው የጫት ማሳ ጤዛ ይዞ ያብረቀርቃል፤ ከበታቹ ማሽላ አለ። ጉም ሲመጣ ሾፌሩ መብራት ያበራል፣ እኔ ዱዓ አደርጋለሁ። ሂርና ላይ ቁርስ ወርደን ፉል በትኩስ ዳቦ በላን። ፈቲያ ሙሉውን ጨረሰች። እኔ መንገድ ላይ ሆዴን እንዳያመኝ ፈርቼ ሻይ ብቻ ጠጣሁ።

ጨለንቆን አልፈን ቁልቢ ስንደርስ ብርዱ አጥንት ይገባል። ሴቶች ካሮትና ድንች በሳህን ከምረው መኪና በቆመ ቁጥር ወደ መስኮት ይሮጣሉ። ከደንገጎ ወዲያ ሜዳው ተከፈተ፣ የሐረማያ ሐይቅም ታየ። እኔ ልጅ ሳለሁ ያየሁት ሐይቅ ነው፤ ከዚያ ደርቆ ከብት ሲጋጥበት ኖሮ አሁን ውሃው ተመልሷል። ፈቲያ በላዬ ላይ ተንጠራርታ አየችው።

አወዳይ ላይ መኪናው በጫት ገበያው መካከል መተላለፊያ አጥቶ ቆመ። ሥራዬ ስለሆነ ዐይኔን ከሚገዛዙት ሰዎች መንቀል አልቻልኩም። እኛ ጭሮ ላይ እንደምናደርገው ነው የሚያደርጉት። ገዢ ዋጋ ይጠራል፣ ሻጭ እምቢ ይላል፣ ገዢ ጀርባውን ሰጥቶ ይሄዳል። ብዙ ሳይርቅ ሻጩ ይጠራዋል። ጫት ፀሐይ ሲነካው ይጠወልጋል፤ ባለቤቱ እስከ ቀትር መጠበቅ አይችልም። እኔም ልጆቼን ያሳደግኩት እንዲህ እየገዛሁ ነው። ዞር ብዬ ሄጄ ያልተጠራሁበትን ቀን አላስታውስም።

የእትዬ ራህማ ሱቅ

ሐረር ረፋድ ላይ ገባን። ሸዋ በር ጋ ወርደን የግንቡን አጥር እያየን ወደ ፈረስ መጋላ ሄድን። ከዚያ ቁልቁል የሚወርደው ጠባብ መንገድ መኪና ግርግር ይባላል፤ ግራና ቀኙ የስፌት መኪና ነው። ልብስ ሰፊዎቹ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ይሰፋሉ፣ ከበላያቸው ቀሚስና ጨርቅ እንደ ጣሪያ ተዘርግቷል፤ ፀሐዩ በጨርቁ ውስጥ አልፎ ሰዉን ሁሉ ቀይና ቢጫ ያስመስለዋል። ድምፁ ጆሮ ይሞላል። ፈቲያ እጄን ለቅቃ ቀደም ቀደም አለች። ደጋግሜ ጠራኋት።

እትዬ ራህማ ከመንገዱ ገባ ባለ ሱቅ ውስጥ አጥላስ የሚሉትን የሙሽራ ቀሚስ ዘርግተው እየጠለፉ አገኘናቸው። መነጽር ያደረጉ፣ ቀጭን፣ እርጋታ ያላቸው ሴት ናቸው። ሁለት የስፌት መኪና አለ፤ አንዱ የእሳቸው፣ አንዱ የተማሪ። የሚያስተምሩት አንድ ልጅ ብቻ ነው፣ እሷ ስትጨርስ ሌላ ይወስዳሉ። ፈቲያን ቁራጭ ጨርቅ አሰፏት። ገልብጠው አዩና "እጅሽ ጥሩ ነው" አሏት። ልጄ ፊቷ በራ።

ከዚያ የእኔ ተራ ሆነ። የምታድርበትን ክፍል ልይ አልኩ፣ ከሱቁ ጀርባ ወስደው አሳዩኝ። በሩ ከውስጥ ይቆለፋል ወይ አልኩ፣ ቁልፉን እጄ ላይ አስቀመጡልኝ። ማታ ማታ ትደውልልኝ አልኩ።

"ትደውል። እኔም ሰላምታ እልክልሻለሁ" አሉ እየሳቁ።

"ክር ልትገዛ ብቻዋን ገበያ እንዳትሄድ።"

"እሺ፣ መጀመሪያ መጀመሪያ አብረን እንሄዳለን።"

"በየሐሙሱ ደግሞ ወደ ቤት ትምጣልኝ።"

እዚህ ላይ መርፌያቸውን አስቀመጡ። "የኔ እህት፣ በየሳምንቱ መንገድ ላይ ከሆነች መቼ ትማራለች? በወር አንዴ ትምጣ።"

ፈቲያ "ይሁን እማ፣ በወር ይሁን" አለችኝ በሹክሹክታ።

እኔ ግን ገበያ ያለሁ መሰለኝ። አንዴ ዝቅ ካሉ ሁለቴም ዝቅ ይላሉ ብዬ አሰብኩ። "እንግዲህ ካልሆነ ምን ይደረጋል፣ እንሂድ" ብዬ ተነሳሁ። ቦርሳዬን ቀስ ብዬ አነሳሁ፣ ጫማዬን ቀስ ብዬ አደረግሁ። እትዬ ራህማ ቀና ብለው አዩኝ፣ ፈቲያንም አዩ። "መልካም መንገድ" አሉና ወደ ጥልፋቸው ተመለሱ።

አልጠሩኝም።

ጁገል ውስጥ

"እማ፣ ምን ማድረግሽ ነው?" አለች ፈቲያ፣ ውጪ።

"ዝም በይ። ትንሽ እናቆያቸው። ከተማውን እንይና ስንመለስ ራሳቸው ሐሙስ ይሉናል።"

"እሳቸው ጫት ሻጭ አይደሉም እኮ።"

"ሰው ሁሉ ያው ነው" አልኳት።

እንደዚህ ነው ሐረርን የጎበኘነው። ፈረስ መጋላ ላይ ጀማል የሚባል አስጎብኚ ያዝን፤ ጎልማሳ ነው፣ ወሬ ይችላል። ጁገል የሚሉት የግንብ አጥር አምስት የጥንት በሮች እንዳሉት ነገረን። እኔ ከየትኛው በኩል ወደ መናኸሪያ ቶሎ እንደሚወጣ ጠየቅሁት።

"እናቴ፣ ሰው ሁሉ መግቢያውን ነው የሚጠይቀኝ። እርስዎ ገና ሳይገቡ መውጫውን ጠየቁኝ" አለና ፈቲያን ሊያስቃት ሞከረ። አልሳቀችም።

ጃሚዕ መስጊድን፣ ሁለቱን ነጭ ሚናራዎች፣ ከደጅ ቆመን አየን። አረንጓዴ ጉልላት ያለውን የጥንት አሚር ቀብር አየን። መተላለፊያዎቹ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያሳልፉም፣ ግድግዳው ነጭ፣ ሰማያዊ፣ ሮዝ ተቀብቷል። በሌላ ቀን ቢሆን ፈቲያ እያንዳንዱን ግድግዳ በስልኳ ታነሳ ነበር። ያን ቀን ሰዓት ነበር የምታየው።

ጀማል አንድ የሐረሪ ቤት አስገባን። ውስጡ በደረጃ የተሠራ ቀይ መደብ አለው፣ ግድግዳው በስፌት ሥራና በሳህን ተሞልቷል። ከበሩ በላይ የተጠቀለለ ምንጣፍ ተቀምጧል። የቤቱ እመቤት፣ በእኔ ዕድሜ ያለች ሴት፣ ምንጣፉ በቤቱ ያላገባች ልጅ እንዳለች የሚናገር መሆኑን አስረዳችን።

"የት አለች ታዲያ ልጅቷ?" አልኳት።

"ድሬ ዳዋ። ሥራ ይዛለች፣ ጓደኞቿ ጋ ትኖራለች።"

"አትፈሪም?"

"እንዴት አልፈራም! ስፈራ እደውላለሁ። አንዳንዴ ቀን አምስቴ እደውልና 'እማ ሥራ ላይ ነኝ' ብላ ትዘጋብኛለች።" ሳቀች። ፈቲያ አየችኝ። እኔ ምንጣፉን አየሁ።

እዚያች ደጃፍ ላይ ሳለሁ መመለስ ነበረብኝ። ልቤ ተመለሽ ብሎኛል። ግን ቶሎ ከተመለስኩ የቸኮልኩ ይመስላል ብዬ ጊድር መጋላ የሚባለውን የጥንት ገበያ እንይ አልኩ። ቅስት ቅስት ሆኖ የተሠራ ነጭ ሕንፃ ነው። በዙሪያው ቅመም፣ ሽቶ፣ የልብስ ጨርቅ በየጠባቡ የሱቅ መተላለፊያ ይሸጣል፤ ከላይ ሸራና ቆርቆሮ ስለተዘረጋ ቀትር መሆኑ አይታወቅም። የግመል ሥጋ ሳምቡሳ አንዱን በሃያ ብር ገዛን። የእኔን ቆርሼ ሥጋውን አገላብጬ እስካይ ድረስ ቀዘቀዘ። ፈቲያ የእሷን በወረቀት ጠቅልላ ያዘችው። አንዱ ሱቅ ውስጥ ሐምራዊ ጨርቅ አየሁና "ይህን እትዬ ራህማ ጋ ትሰፊዋለሽ" አልኳት።

"መጀመሪያ እንመለስ እማ። እባክሽ።"

ሌላኛው መኪና

ከሰዓት፣ ከዐስር ሶላት በኋላ ተመለስን። የሁለቱም የስፌት መኪና ድምፅ ይሰማ ነበር። ሁለተኛው ላይ ጥቁር ሻርፕ ያደረገች ልጅ ተቀምጣለች። እትዬ ራህማ ከአጠገቧ ቆመዋል።

"ገብታችሁ ተቀመጡ" አሉን። እኔ ቆሜ ቀረሁ።

"ይቺ ማናት?"

"ከደደር ናት። አባቷ ከሳምንት በፊት ጠይቆኝ፣ ለጭሮ ልጅ ቃል ሰጥቻለሁ ብዬው ነበር። እናንተ ስትሄዱ ደወልኩለት። እዚሁ ሐረር ለሌላ ጉዳይ መጥተው ኖሮ፣ ይዟት መጣ።"

"እኔ እኮ ይጠሩኛል ብዬ ነው የወጣሁት።"

እትዬ ራህማ መነጽራቸውን አወለቁ። "ለምን እጠራሻለሁ? ልጅሽን ልትሰጪኝ አልፈለግሽም፣ ይዘሻት ሄድሽ። የሰው ልጅ በልመና ይወሰዳል እንዴ?"

"በወር አንዴ ይሁን። ለኢድ ብቻም ትምጣ። ከፈለጉ ዓመቱን ሙሉ አትምጣ።" ድምፄ ሲለምን ለራሴ ተሰማኝ። ጠዋት የያዝኩትን ሁሉ አንድ በአንድ ለቀቅሁ።

"እህቴ፣ የተማሪ መኪናው አንድ ነው። አሁን ይቺን ልጅ ተነሺ እንዴት ልበላት?" አሉ። አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ልጅቷ ነገሩ ገብቷት አንገቷን ደፍታለች። ክሩን መርፌው ውስጥ ለማስገባት ትሞክራለች፣ ጫፉ ግን ተበትኖ አልገባም አላት። ፈቲያ ጎንበስ አለችና "ጫፉን ቆረጥ አድርጊው፣ ቶሎ ይገባልሻል" አለቻት። ራሷ ቆርጣ አስገባችላት። "በርቺ እሺ" አለቻትና ወጣች። እትዬ ራህማ ፊታቸውን አዞሩ።

ስመለስ

ሸዋ በር አጠገብ ፔንሲዮን አድረን በማግስቱ ተመለስን። ይህን ጊዜ የመስኮቱን ወንበር ሰጠኋት። ምንም ሳታይበት ቁልቢን አለፍን። "ተቆጭኝ፣ ተናገሪኝ" አልኳት።

"ምን ልበልሽ እማ? ለእኔ ብለሽ ነው።"

ይህን ስትለኝ ስድብ ቢሆን እመርጥ ነበር።

ቤት ስንደርስ አባቷ በር ላይ ጠበቀን። "እህ፣ እንዴት ሆነ?" አለ። አፌን ስከፍት ፈቲያ ቀደመችኝ፦ "ቦታው ተይዞ ደረስን አባ።" እሱም "አላህ የተሻለ ያምጣ" አለ። ልጄ ለእኔ ስትል ዋሸች፣ እኔም ውሸቷን ተከናንቤ ገባሁ። አባቷን እውነቱን የነገርኩት ሳምንት ቆይቼ ነው።

ከዚያ ወዲህ ሚኤሶ ላይ አንዲት ሴት ስፌት እንደምታስተምር ሰማሁ። ሮጬ ሄጄ ለፈቲያ ነገርኳት፤ ምንም አልጠይቅም፣ ሂጂ አልኳት። ፊቷ ይበራል ብዬ ጠበቅሁ።

"ሚኤሶ ሙቀቱ አይከብድም?" አለችኝ። "የከባድ መኪና መንገድ ነው ደግሞ። እዚያ ማንንም አላውቅም። ብታመምስ?"

ትምህርቴ ከአምስተኛ ክፍል አላለፈም፣ ለሰው ምክር የምሰጥ አይደለሁም። ይህን የጻፍኩት ግን እንደ እኔ ልጃቸውን አጥብቀው ለሚይዙ እናቶች ነው። ገበያ ውስጥ ዞር ብሎ መሄድ ያዋጣል፤ ሻጩ የያዘው ጫት እስከ ማታ ይጠወልጋልና። ሐረር ላይ ስዞር ሲጠወልግ የዋለው ግን የልጄ ልብ ነበር፤ እኔ ግንብ እያየሁ አላየሁትም።

ሰኞ ሚኤሶ እንሄዳለን ብያታለሁ። ደጃፉ ድረስ አድርሻት ወዲያው እመለሳለሁ። እሺም እምቢም አላለችኝም።