የሚሸት እጅ

ዲላ በተከራየሁት ቤት ጓሮ በኩል ጎረቤቴ ሴቶች ሰብስባ ቆጮ ከጉድጓድ እያወጣች ነው። ሽታው በመስኮት ገብቶ ልጅ ሳለሁ የኖርንበት ቡሌ አደረሰኝ።

አባቴ ቡሌ አስተማሪ ሆኖ ሲመደብ እናቴ ከጎንደር አብራው መጣች። የቆጮ ሽታ ግን አልለምድ አላት። ሴቶቹ በደቦ እንሰት ሲፍቁ፣ ቆጮ ሲያገላብጡ፣ በነጠላዋ ጫፍ አፍንጫዋን ይዛ ከአጥር ማዶ ሰላም ትላቸው ነበር። አንድ ቀን ጎረቤታችን እማማ ወርቄ ወደ አጥሩ መጡ። ጌዴኦ ናቸው፤ አማርኛቸው ወንድና ሴት አይለይም። የእናቴን እጅ ይዘው አሸተቱት።

«እጅህ አይሸትም» አሏት። «አንተ ገና እንግዳ ነህ።»

እኔ ንጽህናዋን ያደነቁላት መስሎኝ ኮራሁ። እናቴ ግን ነጠላዋን አጥሩ ላይ ጣል አድርጋ ከሴቶቹ መሀል ገብታ ተቀመጠች። የመፋቂያውን አያያዝ እየሳቁባት አሳዩዋት።

እራት ላይ አባቴ «ምንድን ነው የሚሸተው?» አለ።

እናቴ መዳፏን አፍንጫው ስር ዘረጋችለት። «ጎረቤት» አለችው።

ይህን አስታውሼ መስኮቱ ጋ ብቻዬን ሳቅሁ። እዚህ ቤት ከገባሁ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ የጎረቤቴን ስም እንኳ አላውቅም። እጄን አሸተትኩት፤ ሳሙና ሳሙና ይላል።

እጅጌዬን ሰብስቤ ወደ ጓሮ ወጣሁ።