ለስታዲየም የተነፋ ጥሩምባ

የሞት ጥሩምባ ለሠርግ አይነፋም። እሳት ቢነሳ እንኳ ሰው በገዛ ጉሮሮው ይጮኻል እንጂ ጥሩምባው ከተሰቀለበት አይወርድም። ይህን ደንብ ለአባይነህ የነገሩት ከእሱ በፊት የዕድሩ ለፋፊ የነበሩት ሽማግሌ ናቸው። ጥሩምባውን ሲያስረክቡት፣ «ልጄ፣ ይህ ነገር የሚያውቀው አንድ ቃል ብቻ ነው። ሌላ ቃል ያስተማርከው ቀን የፊተኛውን ይረሳል» አሉት። አባይነህ ያኔ ገና ጎልማሳ ነበርና፣ ሽማግሌ የሚለው አያጣም ብሎ በልቡ ሳቀ።

ሥራው ልብስ ስፌት ነው። ቤቱ ከጀጎል ግንብ ውጭ፣ ከሸዋ በር ማዶ፤ እንጀራው ግን ከግንቡ ውስጥ። ጠዋት ጠዋት ፈረስ መጋላ የሚባለውን አደባባይ አቋርጦ፣ ልብስ ሰፊዎቹ ግራና ቀኝ ተደርድረው የስፌት መኪናቸውን ወደሚያንጫጩበት ጠባብ መንገድ ይወርድና፣ ሸምሲያ ከምትባል የሐረሪ ጨርቅ ነጋዴ ሱቅ ደጃፍ ላይ ይቀመጣል። እሷ ጨርቁን ትሸጣለች፤ እሱ ይሰፋል። ጎንበስ ብሎ ሲሰፋ ያየው ሁሉ እንደ ማንኛውም ልብስ ሰፊ ያልፈዋል። ሰፈሩ ውስጥ ግን በማለዳ ጥሩምባውን ነፍቶ፣ «የዕድራችን ልጆች!» ሲል አጥንት የሚያንሰፈስፍ ድምፅ ነበረው። «አባይነህ የጠራው ሟች፣ ቀባሪ አያጣም» ይባልለት ነበር። እሱም ይህን ሲሰማ፣ አልሰማሁም ብሎ ክር ይመዛል።

የሶማሊያው ጦርነት ካለፈ ወዲህ ከተማው እንደ ቀዘቀዘ ነበር። ሱቁ ግማሹ ተዘግቷል፣ ቡና ቤቱ ዝንብ ይጠብቃል፣ አዲስ ልብስ የሚያሰፋ ሰው ጠፍቶ አባይነህ ያገኘው ሥራ የተቀደደ መጣፍ ብቻ ነው። አንድ ቀን የቀበሌያቸው ሊቀመንበር ጓድ ደምሴ ከስፌት መኪናው አጠገብ መጥቶ ቆመ። ከሌላ ክፍለ ሀገር ተመድቦ የመጣ አስተማሪ ነው፤ ሰው ሲያናግር ዓይኑ ይበራል።

«ጋሽ አባይነህ፣ ከተማችን ለምን ሞተች?» አለው።

«በዚህ አካባቢ እኔ ያልለፈፍኩት ሞት የለም ጓድ። ይህኛውን አልሰማሁም።»

ደምሴ ከልቡ ሳቀ፤ ከዚያ ተቀምጦ አወራ። ከሰፈሩ በታች ያለው ሜዳ መቀመጫ ተሠርቶለት ስታዲየም ይሆናል። ስታዲየም ካለ ከድሬዳዋም ከጅጅጋም ቡድን ይመጣል። ቡድን ከመጣ ተመልካች ይመጣል። ተመልካች ይበላል፣ ይጠጣል፣ ያድራል። መሀል ከተማው ነፍስ ይዘራል! ሲሚንቶውን መንግሥት ይችላል፤ የቀረውን ሕዝቡ ያዋጣል፤ ድንጋዩንም በዘመቻ ያመላልሳል። «ችግሩ አንድ ነው» አለ ደምሴ፣ «ስብሰባ ስንጠራ ማንም አይወጣም። የእርስዎ ጥሩምባ ሲነፋ ግን ሽባው ሳይቀር ይወጣል።»

«እሱ የሞት ነው፤ ለሌላ አይሆንም።»

«ይገባኛል፣ ይገባኛል» አለ ደምሴ ተነስቶ ሱሪውን እያራገፈ። «የቡድኖቹን ማሊያ ማን እንደሚሰፋልንም ገና አልወሰንም።»

የአባይነህ እግር መርገጫው ላይ ቀጥ አለ።

ሸምሲያ ከሱቋ ውስጥ ሆና ሁሉንም ሰምታ ኖሮ፣ ደምሴ ዞር ሲል ብቅ አለች። «አባይነህ፣ እኛም እንደ ዕድራችሁ ያለ አፎቻ አለን፤ ለቅሶም ሠርግም እንጠራራለን። ግን በለቅሶ ድምፅ ሰው አናታልልም። ወላሂ ነውር ነው!»

«ከተማው ሲያድግ ያንቺም ጨርቅ ይሸጣል፣ ሸምሲያ።»

«ጨርቄ ይበስብስ» አለችና ገባች።

እሑድ ጠዋት አባይነህ ጥሩምባውን ነፋ። ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ ወጣ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ወንዶቹ ጋቢያቸውን ደርበው፣ «ማን ነው? ማን ነው?» እያሉ ከበቡት።

«ማንም አልሞተም!» አለ። «ለስታዲየሙ ነው! መዋጮ ይዛችሁ ወደ ሜዳው ውጡ!»

ከዚያ አናጢው እንደሻው፣ ጨዋታ የማያልቅበት ሰው፣ ኮፍያውን አውልቆ፣ «ስታዲየም ማናቸው? የማን ዘመድ ነበሩ?» አለ።

«ነፍስ ይማር!» አለ ሌላው።

«አንተ ሰውዬ» አለች አንዲት ሴት፣ «እጄ ደረቴን ሊመታ ተነስቶ ነበር፤ አሁን በምን ልመልሰው?»

ሳቁ ሰፈሩን ሞላው። አባይነህም አብሮ ሳቀ። ያን ሳቅ በኋላ ስንት ጊዜ እንደ ረገመው የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው።

ሳቁ አልቆየም። ጥሩምባው ለመዋጮ ተነፋ፣ ለድንጋይ ተነፋ፣ ለአሸዋ ተነፋ። ከዘመቻ የቀረ ሰው ከቀበሌው ሱቅ ስኳር ተከለከለ። ሰውም ዘዴ አወጣ። ጥሩምባው ሲሰማ ገሚሱ በጓሮ አድርጎ ሐኪም ወደሚባለው ጋራ ይሸሻል፤ ገሚሱ በሩን ቀርቅሮ ታምሜያለሁ ብሎ ይተኛል። ድሮ በዚያ ድምፅ በር ይከፈት ነበር፤ አሁን በዚያው ድምፅ ይዘጋል። አባይነህ ይህን አላየም አይባልም። ጆሮው መቀርቀሪያውን ይሰማል፤ እጁ ደግሞ ቀይ ማሊያ ይሰፋል። ልጆቹ ከስንት ጊዜ በኋላ ጠግበው ያደሩት በዚያ ሰሞን ነው፤ ስለዚህ ጆሮውን ትቶ እጁን አመነ።

በዚህ መካከል ወልደሚካኤል ሞተ።

ወልደሚካኤል ጡረታ የወጣ ወታደር ነው፤ ለብዙ ዓመት የሸምሲያን ሱቅ ሲጠብቅ የኖረ፣ የአባይነህም የቅርብ ጎረቤት። ከሚስቱ ከገላነሽ ጋር ከሩቅ አገር መጥተው፣ ልጅም ሳይወልዱ፣ እዚያው አረጁ። ጎህ ሲቀድ ገላነሽ የአባይነህን በር መታች። አላለቀሰችም። «ወንድሜ፣ ወልደሚካኤል ጥሎኝ ሄደ። ጥራልኝ» ብቻ አለችው። በሐረር አንድም ዘመድ የላትም፤ ዘመዷ ያ ጥሩምባ ነበር።

አባይነህ ወጥቶ ነፋ። ከባሕር ዛፉ ጥግ ነፋ፤ ከቦኖ ውኃው ዘንድ ነፋ። ከፊቱ አንድ መቀርቀሪያ ቋ! አለ፤ ቀጥሎ ሌላ። በአጥር ቀዳዳ የሚሾልክ ጀርባ አየ። «ወልደሚካኤል ነው! ወልደሚካኤል አርፏል!» ሊል አፉን ከፈተ፤ ሳምንቱን ሙሉ በሜዳው ላይ ስለ ድንጋይ ሲጮህ የሰለለው ጉሮሮው ግን ከሹክሹክታ ያለፈ ድምፅ አላወጣም። ያ አጥንት የሚያንሰፈስፈው ድምፅ ለስታዲየሙ ተዋጥቶ አልቋል።

ወደ እንደሻው ቤት ሮጠ። እንደሻውና ወልደሚካኤል አብረው ካልሆኑ ጠላ የማይጥማቸው ወዳጆች ነበሩ። በሩ ተዘግቷል። ደበደበው።

ከውስጥ የሕፃን ሴት ልጅ ድምፅ፣ «አባዬ የለሁም በይ ብሏል!» አለ።

አባይነህ ግንባሩን በሩ ላይ አስደገፈ። «እንደሻው… ለድንጋይ አይደለም። ወልደሚካኤል ነው።»

ከዚያ መቀርቀሪያው ተነሳና እንደሻው በባዶ እግሩ ብቅ አለ።

«የቱ ወልደሚካኤል? የእኔ ወልደሚካኤል?»

አባይነህ አንገቱን ደፋ። እንደሻው አባይነህን አላየውም፤ ያየው ጥሩምባውን ነው።

«እኔ ልሸሽ ጫማዬን እየፈለግሁ ነበር» አለ ቀስ ብሎ። «ለወልደሚካኤል ሞት ልሸሽ! ምነው መጀመሪያውኑ በሩን በመታህ? ምነው ይህን ነገር ቤትህ በተውከው?»

ሁለቱ ወደ ለቅሶው ቤት ሲደርሱ ድንኳን አልተተከለም፤ ምሰሶዎቹ እንደ ታሰሩ ናቸው። ገላነሽ ግን ብቻዋን አልነበረችም። ገላነሽ በጧቱ መልእክት ልካባት ኖሮ፣ ሸምሲያ የአፎቻዋን ሴቶች አስከትላ፣ ለመገነዣ አቡጀዲ ይዛ ቀድማ ደርሳለች፤ ከገላነሽ ጎን እጇን ይዛ ተቀምጣለች። አባይነህን ስታይ ብድግ ብላ ተነሳች።

«አባይነህ፣ ሰዎቻችሁ የት ናቸው?» አለችው።

ልትወቅሰው ብላ አልነበረም፤ በእውነት ግራ ገብቷት ነው። ብትሰድበው ይሻለው ነበር። አባይነህ ከእንደሻው ጋር ተመልሶ ወጣ።

በየቤቱ እየዞሩ፣ ከጋራውም እያስጠሩ፣ ሰው ሲሰበሰብ ፀሐይዋ አናት ላይ ደርሳለች። መቃብሩ ዘግይቶ ተቆፈረ፤ ካህናቱ ቆመው ጠበቁ። ብዙው ሰው የደረሰው ሬሳው አፈር ከለበሰ በኋላ ነው። ገላነሽ በቀብሩ መካከል አንድ ጊዜ ዞር ብላ ከኋላዋ ያለውን ጥቂት ሰው አየች። አየችና መለስ አለች። ያ መዞሯ ከአባይነህ ዓይን ጠፍቶ አያውቅም።

በዕድሩ ስብሰባ ቅጣት ይጠብቅ ነበር። ዳኛው ግን፣ «ሁላችንም ነን፤ በሩን የዘጋነው እኛ ነን» ብለው ጉዳዩን ዘጉት። ቢቀጡት ኖሮ ከፍሎ ይገላገል ነበር።

በማግሥቱ ተሰፍተው ያለቁትን ማሊያዎች ተሸክሞ ወደ ቀበሌው ሄደ። «ይኸው ጓድ» አለ ጠረጴዛው ላይ ቁጭ እያደረገ፤ «ዋጋ አልፈልግም። ጥሩምባው ግን ከእንግዲህ አይነፋም።» ደምሴ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ግራ ገብቶት፣ «ጋሽ አባይነህ፣ ያስቀየምኩዎት ነገር አለ?» አለ። «አንተ አይደለህም» አለውና አባይነህ ወጣ።

ጥሩምባውን አፉን በጨርቅ ወትፎ ሰቀለው። ሰው ሲሞት ከዚያ ወዲህ የሚዞረው በእግሩ ነው፤ እያንዳንዱን በር አንኳኩቶ፣ ኮፍያውን አውልቆ፣ የሟቹን ስም በዝግታ ይናገራል። ሰፈሩም ወደደው። «እንዲህ ያለ ትሑት ለፋፊ የት ይገኛል? በር ድረስ መጥቶ ያረዳል እኮ» እያለ አመሰገነው። ምስጋናው እሱን ግን እንደ መርፌ ይወጋዋል፤ የተመሰገነው ትሕትና ኀፍረት መሆኑን ያውቃላ።

ስታዲየሙ በአንድ ወገን ብቻ መቀመጫ ወጣለት። እውነት ለመናገር ጨዋታ ባለበት ቀን ሻይ ቤቱ ይሞላል፤ ደምሴ ፈጽሞ አልዋሸም። ጩኸቱ እስከ ጀጎል ሲደርስ አባይነህ አንገቱን ቀብሮ መኪናውን ያፈጥናል። ሸምሲያም ታየዋለች፤ በሌላው ሁሉ የምትተርበው ሸምሲያ በዚህ ነገር ግን አንድ ቀን ተርባው አታውቅም።

አንድ ማለዳ እንዲሁ እየዞረ የገላነሽን በር አንኳኳ። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከፈተች፤ ኮቴውን ሰምታ ኖሯል። የሟቹን ስም ነገራት። «ነፍስ ይማር» አለችና ደጃፉ ላይ ቆማ አየችው።

«ሰው ሁሉ ያመሰግንሃል» አለችው።

«አንቺስ፣ ገላነሽ?»

«እኔ በሬን እከፍትልሃለሁ» አለች። «ከዚያ በላይ አትጠይቀኝ፣ ወንድሜ።»

አባይነህ ኮፍያውን እንደ ያዘ እጅ ነሳና ወደሚቀጥለው በር ሄደ።