ይዟት ይበራል

«ሽማግሌ ይልካል። እምቢ ካሉት ይዟት ይበራል፤ አለቀ!»

ይህን ያለው የወንድ ልጅ ድምፅ ነው፤ ከልጄ ስልክ ውስጥ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነበር፣ እኔ ደጅ ተቀምጬ ምስር እለቅማለሁ። ልጄ ከጎረቤታችን ልጅ ጋር ውስጥ ናት፣ በኮምፔርሳቶ ከከፈልናት ጓዳ። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው።

«አባቷ እንደሆነ አይሰጥም» አለች የጎረቤት ልጅ።

«አይስጣ! ማን ለመነው? ነገ ስምንት ሰዓት ፌርማታው ጋ ኑ፣ መጨረሻውን ታያላችሁ።»

ሰፌዱ ከጭኔ ወደቀ።

እኔ የተወሰድኩት እንደዚያው ነው። ጎጃም፣ በአሥራ አራት ዓመቴ። ሽማግሌ ሦስት ጊዜ መጣ፣ አባቴ ሦስት ጊዜ «ገና ልጅ ናት» አለ። በአራተኛው ሽማግሌ አልመጣም። ከወንዝ ውኃ ቀድቼ ስመለስ አምስት ወንዶች ከኋላዬ እየሳቁ ያዙኝ። ከወሰዱኝ ቤት አምልጬ አዲስ አበባ ገባሁ፣ ኮልፌ ነግጄ፣ ኮልፌ ወልጄ ኖርኩ። ለልጄ አንድም ቀን አውርቼላት አላውቅም። ታክሲ ውስጥ ከኋላዬ ወንዶች ሲስቁ ግን አንገቴ ደርቆ ይቀራል።

ልጠይቃት ይገባ ነበር። አልጠየቅኋትም። የቆርቆሮውን በር ከውጭ ገፋሁና ጓጉንቸር ቆለፍኩበት፤ ጀርባዬን አስደግፌ ተቀመጥኩ።

«እማዬ? በሩ ምን ሆነ?»

ቁልፉን መቀነቴ ውስጥ ከተትኩት።

«እማዬ ክፈቺው!» ቆርቆሮውን መታችው።

«እትዬ፣ እኔንም ነው እንዴ?» አለች የጎረቤት ልጅ። «እናቴ እኮ ዳቦ ልካኝ ነው። ወላሂ ትገለኛለች!»

ልጄ እንደገና መታችው፣ በሁለት እጇ። ያንን ድምፅ አውቀዋለሁ። እኔም እንደዚያ መትቻለሁ። ያኔ ከውጭ ተቀምጣ የምትጠብቀኝ የጠለፈኝ ሰውዬ እናት ነበረች፤ እየሰማችኝ አልከፈተችልኝም። አሁን እሷ በተቀመጠችበት የተቀመጥኩት እኔ ነኝ።

ተነስቼ ከፈትኩት።

«ማነው ይዞሽ የሚሄደው? ተናገሪ!»

ሁለቱ ተያዩ። የጎረቤት ልጅ ሳቋ ሊያመልጣት ሲል አፏን በሂጃቧ ጫፍ ያዘች። ልጄ ስልኩን ሰጠችኝ። ሥዕል ነው፤ ካባ የለበሰ ሰው ሴት አቅፎ ከፎቅ በላይ ይበራል።

«ታሪክ ነው እማዬ። ልጆች እየሳሉ በየሳምንቱ በስልክ ይለቁታል። እኛ እንከራከርበታለን።»

«ፌርማታውስ?»

«ይሄ የምናወራው ልጅ አዲሱን ክፍል በወረቀት አትሞ ሊያመጣልን ነው።»

ለካ ስልኩ አልተዘጋም። «ማዘር፣ ይቅርታ» አለ ልጁ። «እኔ እንኳን ሴት ይዤ ልበር፣ የታክሲ ወረፋም አይደርሰኝ!»

እኔ አልሳቅኩም። የበሩ ደፍ ላይ ቁጭ አልኩ። «ታዲያ ምን ያጨቃጭቃችኋል?» አልኳቸው።

«የታሪኩ የበፊት ጸሐፊ ጀግናውንና ልጅቷን እኩል ነበር ያደረጋቸው» አለች ልጄ። «እሷም ታድነው ነበር። አዲሱ መጣና እንደ ሻንጣ አስያዛት። እኔ የምለው አንድ ነው፤ መጀመሪያ እሷን ይጠይቃት።»

«ይዋደዳሉ እኮ!» አለ ልጁ።

«ይዋደዱ። ይጠይቃት።»

በእኔ ጊዜ ሽማግሌዎቹ ተናገሩ፣ አባቴ ተናገረ። እኔን የጠየቀኝ የለም፤ የሚወደኝ አባቴ እንኳ። ልጄ ይህን ከእኔ ሳትሰማ ከየት አገኘችው?

«እሺ፣ ብትጠየቅ ምን ትላለች?» አለ ልጁ፤ እልህ ይዞታል።

«እምቢ ትላለች» አልኩ። ከአፌ ሲወጣ እኔም ደነገጥኩ።

«ማዘር! ከተማውን ያዳነ ሰው እኮ ነው!»

«ያድን። እምቢ ብላለች።»

የጎረቤት ልጅ ወደ ዳቦዋ ስትሮጥ ልጄን አስቀምጬ ሁሉንም ነገርኳት፤ ወንዙን፣ አምስቱን ሰዎች፣ ደጅ የተቀመጠችውን ሴትዮ። ስለ ቆለፍኩባትም ይቅርታ ጠየቅኋት። አልቅሳ ስታበቃ «ሁለተኛ አትቆልፊብኝ» አለችኝ። «አልቆልፍም» አልኳት።

በማግሥቱ ፌርማታው ድረስ አብሬያት ሄድኩ። ልጁ መነጽር ያደረገ ቀጫጫ ነው፤ ወረቀቱን ጎንበስ ብሎ ለእኔ ሰጠኝ። ስንመለስ ልጄ ክንዴን ይዛ በአስፋልቱ ዳር እየተከራከረች ትሄዳለች፤ ስለ ሁለቱ ጸሐፊዎች ነው። ከኋላችን ወንዶች ይስቁ ነበር። አንገቴ አልደረቀም።

ደኅና ነኝ። ልጄም ደኅና ናት።