የውስኪው ግምገማ

ወንድሜ ጉዩ ሰው ያናድዳል። ስለምወደው ደግሞ ከሰው ሁሉ በላይ የሚያናድደው እኔን ነው።

አምቦ ውስጥ አንድ ሆቴል ባር ላይ ሃያ ሁለት ዓመት ሠርቷል። ቀማሽ እንጂ ጠጪ አይደለም። አዲስ ጠርሙስ ሲከፈት አንድ ጠብታ መዳፉ ላይ ያፈስና አሻሽቶ ያሸታል፤ ቀጥሎ የምላሱን ጫፍ ያስነካል፤ ከዚያ ይተፋል። ለሌላው የአንድ ደቂቃ ሥራ የሆነው ለእሱ ሩብ ሰዓት ይፈጃል። ደንበኛ ውስኪው ላይ አምቦ ውሃ ሊገለብጥ ሲል እጁን ይይዘዋል። «ሜ፣ እስቲ መጀመሪያ ቅመሰው» ይላል። ከፍሎ የሚጠጣ ሰው እጁ ይያዛል? ስንቱ ተቆጥቶ ወጥቷል! ያም ሆኖ የጠረጠሩት ጠርሙስ ሲኖር ከእንጭኒም ከሸነንም ያሉ ባለግሮሰሪዎች ይዘው የሚመጡት እሱ ዘንድ ነው። ትዳር አልያዘም፣ ልጅ የለውም። ያለው ያ ባንኮኒ ብቻ ነው።

በ2015 ዓ.ም. መስኖ ሊያጠና መጥቶ የነበረ አንድ ጃፓናዊ፣ ወደ አገሩ ሲመለስ ለሆቴሉ አንድ ጠርሙስ የአገሩን ውስኪ በስጦታ ትቶ ሄደ። ጉዩ ከፍቶ እንደ ልማዱ ቀመሰና ቁምሳጥን ውስጥ ቆለፈበት። ለሳምንት ሌላ ወሬ አልነበረውም። «አያንቱ፣ መጀመሪያ ኮክ ኮክ ይላል፤ ቆይቶ የተቆላ ብቅል ይመጣል፤ ጭሱ መጨረሻ ላይ ነው» ይለኛል፣ እኔ የሰማንያ ተማሪ ፈተና ከምሬ እያረምኩ። የእሱ ኮክ እኔን ምን አገባኝ!

ከሁለት ወር በኋላ የሆቴሉ ባለቤት ልጅ ሄቨን፣ ሥራ አስኪያጇ ማለት ነው፣ ከዚያው ጠርሙስ ለአንድ ትልቅ እንግዳ ቀዳችለት። እንግዳው ጎንጨት አለና «ይሄ ነገር ተበርዟል» አላት። ጠርሙሱን አገላብጣ አየች። ጀርባው ጃፓንኛ ነው፤ ፊቱ ላይ ግን በእንግሊዝኛ «ብሌንድድ ሞልት» የሚል ተጽፏል። ስልኳ «የተቀላቀለ ብቅል» ብሎ ተረጎመላት። በኛ ዘንድ መጠጥ ተቀላቀለ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ማንም ያውቃል። ጉዩ እውነተኛውን ወስዶ የተቀላቀለውን አስቀምጧል ተባለና ግምገማ ተጠራ። ጥፋተኛ ሆኖ ከተገኘ ከባሩ ይነሳል። እኔን የጠሩኝ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ስለሆንኩ ጽሑፉን እንዳስረዳቸው ነው።

ቅዳሜ ጠዋት አዳራሹ ውስጥ ተሰበሰብን። ጠርሙሱ ጠረጴዛው መሃል እንደ ተከሳሽ ተቀምጧል። ቃለ ጉባኤ የያዘው ሽፋ የተባለው የሒሳብ ሠራተኛ ነው። ሙስሊም ስለሆነ መጠጥ አይቀምስም፤ ረጅሙን አስተያየት የሰጠው ግን እሱ ነው። ወረቀቱን «ጠንካራ ጎን፣ ደካማ ጎን፣ የወደፊት አቅጣጫ» ብሎ ከፋፈለው። ሠራተኞቹ በየተራ ቀመሱ። ጠንካራ ጎን፦ ጠርሙሱ ያምራል። ደካማ ጎን፦ ቶሎ ሞቅ አያደርግም። አንዷ አስተናጋጅ ተነስታ «ውስኪው ከሌሎች ጋር ተቀናጅቶ የመሥራት ክፍተት ይታይበታል» አለች። ሽፋ ጻፈው!

ተራዬ ሲደርስ ተነሳሁ። «ብሌንድድ ማለት ተበረዘ ማለት አይደለም» አልኳቸው። «ከተለያዩ ፋብሪካዎች የወጣ የብቅል ውስኪ በባለሙያ ተመጥኖ አንድ ላይ ሲሆን ነው። ሽሮ ውስጥ አተርም ባቄላም ስለገባ ሽሮው ተጭበርብሯል ይባላል?»

ወጥ ቤት ኃላፊው ሳቀ። ሽፋ «ጥሩ ማብራሪያ ነው» ብሎ የጻፈውን ሰረዘ። የሄቨን ፊት እንኳ ፈታ አለ። በቃ፣ ወንድሜ ተርፏል። ያኔውኑ ተነስተን ብንሄድ ምን ነበረበት!

ሄቨን ግን ለወጉ ያህል «ኦቦ ጉዩ፣ እርስዎም ይቅመሱና አስተያየትዎ ይያዝ» አለችው። «ጥሩ ነው» ቢል ያልቃል። ሁለት ቃል።

ወንድሜ ብርሌ አስመጣ። አንገቱ ጠባብ ስለሆነ ሽታ ይይዛል ባይ ነው። ትንሽ ቀዳና የብርሌውን አፍ በመዳፉ ከድኖ ቆየ። አሸተተ። ቀመሰ፣ ተፋ። ደግሞ ቀመሰ። እኔ በዓይኔ እለምነዋለሁ፤ እሱ ጭራሽ አላየኝም።

«ውስኪው ራሱ ነው፤ አልተቀየረም» አለ።

እፎይ አልኩ።

«ግን ውሃ ገብቶበታል።»

ብርሌውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስቶ አየው።

«ሁለት ጣት ያህል ይሆናል። አምቦ ውሃ ነው። ጋዙ ወጥቶ ጨው ጨው የሚለው ቀርቷል።»

«የቁምሳጥኑ ቁልፍ ማን ጋ ነው ያለው?» አለች ሄቨን ቶሎ ብላ።

«አንዱ እኔ ጋ ነው» አላት፣ በዚያ በሚያቃጥል ቀስታው። «አንዱ እርስዎ ጋ ነው።»

ሰው ሁሉ ወረቀቱ ላይ አቀረቀረ። እንግዳው ከመምጣቱ ትንሽ ቀደም ብሎ፣ ጉዩ እረፍት በወጣበት ቀን፣ ሄቨን ልደቷን ከጓደኞቿ ጋር እዚያው ባር ውስጥ እንዳከበረች የማያውቅ አልነበረም። የተናገረ ግን የለም። እኔም አፌ ተሳሰረ፤ ይህን ሳስብ አሁንም በራሴ እበግናለሁ። ሄቨን ስልኳን ስትነካካ ቆየችና የሆነ ነገር ለሽፋ ሹክ አለችው። እሱም የወደፊት አቅጣጫ በሚለው ሥር ጻፈና አነበበልን። «ኦቦ ጉዩ ለጊዜው ከባር ተነስተው በር ጥበቃ ላይ እንዲመደቡ።»

እስከ ቤት ድረስ መንገዱን ሙሉ ጮህኩበት። ባጃጅ ነጂዎቹ ቆመው እስኪያዩን ድረስ። «ጋሼ፣ ጥሩ ነው ማለት አቃተህ? ሃያ ሁለት ዓመትህን ለሁለት ጣት ውሃ? ማን እንደጠጣው ታውቃለህ አይደል?»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ምን አስቀባጠረህ?»

ቆሞ አየኝ። የምር ግራ የገባው ይመስላል።

«የጠየቁኝ እኮ ስለ ውስኪው ነው» አለኝ። «ስለ እኔማ ማን ጠየቀኝ?»

ሰኞ ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስሄድ የሆቴሉን በር ለሄቨን መኪና ሲከፍት አየሁት። ባርኔጣውን አንስቶ፣ ጎንበስ ብሎ «አከም ቡልተን፣ እንደምን አደሩ» አላት። መስታወቱን አላወረደችለትም።