ጥናቱ የማን ነው?

ከዩኒቨርሲቲ በወጣሁ ሰሞን፣ ያለ ሀዲድ በጎማ በሚሄድ የልጆች ባቡር መርካቶ ውስጥ ሰው እያዞሩ ማትረፍ እንደሚቻል የሚያሳይ ጥናት ጻፍኩ። አለቃዬ ጋሽ ሽፈራው ስሜን ፍቀው የራሳቸውን አስገቡበት። ብከራከራቸው ከሥራ አሰናበቱኝ። ሰባት ዓመት ሙሉ ቂሙን ይዤ ኖርኩ።

ባለፈው ቅዳሜ ጎጃም በረንዳ አጠገብ ባቡሩን በዓይኔ አየሁት። ሦስቱም ፉርጎ ጢም ብሎ ሞልቷል። ትርፉን በልቤ አሰላሁ። ጠጋ ስል ግን አንዲት እናት ልጇን አቅፋ አልወርድም ብላለች።

"እትዬ፣ ዙሩ አልቋል እኮ!" ይላል ሾፌሩ።

"ምራቂስ? ሽንኩርት እንኳ ስገዛ ይመረቅልኛል!"

"እውነቷን ነው፣ መርቅላት!" አሉ ተሳፋሪዎቹ በሙሉ። ሾፌሩ ተሸንፎ ሁሉንም በነጻ ደግሞ አዞራቸው።

እኔ በጥናቴ ነዳጁንም ጎማውንም ጥበቃውንም አስቤ ነበር። የመርካቶን ምራቂ ግን ረስቻለሁ።

ዞር ስል፣ ገንዘባቸውን ባቡሩ ላይ ያፈሰሱ ሁለት ነጋዴዎች ጋሽ ሽፈራውን አፋጠዋቸዋል።

"ያተርፋል ብለው አልነበር? የታለ ትርፉ?"

ጋሽ ሽፈራው ድንገት እኔን ሲያዩ ፊታቸው በራ።

"ይኸው መጣ! ጥናቱን የሠራው እሱ ነው! እኔ አንዲት መስመር አልጻፍኩም!"

ሰባት ዓመት የጠበቅኩት ቃል ነበር። ነጋዴዎቹ ወደ እኔ ዞሩ።

"ኧረ ጋሼ፣" አልኩ፣ "ስምዎ አይደል እንዴ ያለበት?"

እግዜር ይስጣቸው፣ የእኔን በደንብ አድርገው ነበር የፋቁት።