በእናቴ አልጋ አጠገብ የነበረው ወታደር

አባቴ በሠራዊቱ ውስጥ ሳለ ጠመንጃ የያዘበት ጊዜ ጥቂት ነው። ሥራው ቃሬዛ መሸከም ነበር። የቆሰለውን ከተኩስ መሃል አውጥቶ ሐኪም ወዳለበት ያደርሳል፤ ተመልሶ ደግሞ ሌላውን ያነሳል። ጦሩ ሲበተን ከሰሜን በእግሩ ተጉዞ ወደ ትውልድ ቀዬው አምባ ጊዮርጊስ ገባ፤ እናቴን አግብቶ ገብስ ሲዘራ፣ ድንች ሲተክል ኖረ። ጎረቤቱ ግን እስከ መጨረሻው «አያ ሃምሳ አለቃ» እያለ ነበር የሚጠራው።

ስለ ጦርነቱ የነገረኝ አንዴ ብቻ ነው። ድንች እየቆፈርን ሳለ፣ ምነው ምንም አታወራልን ብዬ ጠየቅሁት። ቀና ሳይል፣ «ከተሸከምኋቸው ውስጥ በሕይወት ያደረስኋቸው ጥቂቶች ናቸው። ምኑን ላውራልሽ?» አለኝ። ከዚያ ወዲያ አልጠየቅሁትም።

እናቴ ግማሽ አካሏን የተያዘች ጊዜ እኔ ጎንደር፣ ፒያሳ፣ አንድ መድኃኒት ቤት ሥራ ከጀመርሁ ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። ቀኝ እጇና እግሯ አልታዘዝ አሏት። አንደበቷም ተሳሰረ፤ «እህ» እና «ና» ከማለት በቀር የሚወጣላት ቃል አልነበረም። ሥራዬን ትቼ ልምጣ ስለው አባቴ ከለከለኝ።

«አንች ሥራሽን ሥሪ። በሽተኛ ማንሳት የኔ ሙያ ነው» አለ።

ሰባት ዓመት አነሳት። የእጅ ሰዓቱን እያየ በየሁለት ሰዓቱ ያገላብጣታል። አጥሚቱን ራሱ አማስሎ፣ በእጁ ጀርባ ላይ ጠብ አድርጎ ሙቀቱን ሳያይ አያጠጣትም። ፀጉሯን አጥቦ፣ አበጥሮ፣ ሁለት ቦታ ይጎነጉንላታል። ጉንጉኑ ጠማማ ስለነበር የሰፈሩ ሴቶች ይስቁበታል፤ እሱም አብሮ ይስቃል። በዓል ሲሆን ሸጋውን ቀሚሷን ሳያለብሳት ቤተ ክርስቲያን አይሄድም። በዚያ ሁሉ ዘመን ገላዋ ላይ አንድም የመኝታ ቁስል አልወጣም። መድኃኒት ቤት የሚሠራ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል።

አንድ ገና ልጠይቃቸው ስሄድ የአባቴ ዓይን ቢጫ ሆኖ አገኘሁት። ቀበቶው ላይ በሚስማር የተበሱ አዳዲስ ቀዳዳዎች ነበሩ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልሁት።

«ቆየት ብሏል።»

«ምነው ታዲያ አልነገርኸኝ?»

«ሐኪም ቤት ካልሄድህ ትያለሽ። እሷን ማን ያነሳታል?»

ሦስት ቀን ለመንሁት። በመጨረሻ ባሏ የሞተባት ጎረቤታችን እናቴን እንደምትጠብቅለት ቃል ስትገባ፣ ለሁለት ቀን ብቻ ብሎ እሺ አለ። ሊወጣ ሲል አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ፣ «ከነገ ወዲያ እመለሳለሁ፤ አትስጊ» አላት። እናቴ በደህና እጇ እጅጌውን ይዛ አልለቅ አለች። ጣቶቿን አንድ በአንድ ያስለቀቅኋት እኔ ነኝ።

ጎንደር ሐኪሙ ለብቻዬ ጠርቶ፣ በሽታው ከጉበቱ አልፎ መሰራጨቱን ነገረኝ። ከማስታገሻ በቀር የሚደረግ ነገር አልነበረም። በማግስቱ ውጊያ ተነስቶ የአምባ ጊዮርጊስ መንገድ ተዘጋ። ስልኩም ተቋረጠ።

በየማለዳው መናኸሪያ እሄዳለሁ። ሾፌሮቹ ማኪናቸውን ተደግፈው ቆመዋል፤ ገና ሳልጠይቃቸው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። አባቴ ወደተኛበት ሐኪም ቤት ስመለስ ከትራሱ ቀና ብሎ ይጠብቀኛል።

«ማኪና አለ?»

«የለም አባባ።»

«ስታገላብጣት የታመመውን እጇን እንዳትጎትት፤ ትከሻዋ ይወልቃል። ይህን ለዚያች ሴት ነግሬያታለሁ?»

«ነግረሃታል።»

«ከጉልበቷ መሃል ጨርቅ ማድረጉንስ?»

መንገሩን እርግጠኛ አልነበርሁም። ነግረሃታል አልሁት።

ማስታገሻውን አልወስድም አለ። ያስተኛዋል፤ ተኝቶ ሳለ መንገዱ ቢከፈትስ? እኔ ቀኑን ሙሉ ለሰው መድኃኒት ስሰጥ ውዬ፣ አባቴን አንዲት ኪኒን ማስዋጥ አቃተኝ።

በአምስተኛው ቀን ከሥራ ስመጣ አልጋው ባዶ ነበር። ካፖርቱን ደርቦ፣ በነጠላ ጫማ፣ የሐኪም ቤቱን አጥር ተደግፎ አገኘሁት። ዘበኛው ክንዱን ይዞ ያግባባዋል።

«ከዚህ ከሚርቅ አገር በእግሬ መጥቻለሁ» አለኝ።

«አባባ፣ መቆም እንኳ አቅቶህ?»

«ከነገ ወዲያ ብያታለሁ እኮ። ስንት ቀን ሆነ?»

ከዘበኛው ጋር ግራና ቀኝ ይዘን መለስነው። እንደ ሕፃን ቀሎ ነበር። አልጋው ላይ ስናወጣው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። አባቴ ሲያለቅስ ያየሁት የዚያን ዕለት ብቻ ነው።

በዘጠነኛው ቀን ከቀትር በኋላ ሞተ። መንገዱ እንደተዘጋ ነው። ወላጆቹ ካረፉበት ወስጄ ልቀብረው አልቻልሁም። የሥራ ባልደረቦቼና የአከራዬ ዕድርተኞች ቀበሩት፤ ከእኔ በቀር እሱን የሚያውቅ አንድ ሰው አልነበረም። እናቴ ያን ሰዓት ገና እየጠበቀችው ነበር።

መንገዱ የተከፈተ ዕለት በመጀመሪያው ማኪና ተሳፈርሁ። የንስሐ አባታችንን ይዤ ወደ ቤት ስገባ ጎረቤታችን ደጅ ተቀበለችኝ። «ልጄ፣ የቻልሁትን አድርጌያለሁ» አለችኝ ሳልጠይቃት። ከእናቴ ወገብ በታች መዳፍ የሚያክል ቁስል ተከፍቶ ነበር። ሴትዮዋን ምን ብዬ ልወቅሳት? እሷም ወገቧ የጎበጠ ባልቴት ናት።

እናቴ እኔን አላየችኝም። ከኋላዬ በሩን ታያለች። ቄሱ አጠገቧ ተቀምጠው ቀስ አድርገው መርዶውን ነገሯት። ሲጨርሱ እንደገና ወደ በሩ አየችና፣ «ና» አለች። ቄሱ በጋቢያቸው ጫፍ ፊታቸውን ሸፈኑ።

አሁን እናቴ ጎንደር ከእኔ ጋር ናት። ቁስሏ ጠበብ አለ እንጂ አልዳነም። አባቴ ያለኝን ሁሉ እየተከተልሁ አገላብጣታለሁ። እሷ ግን በደህና እጇ ክንዴን ገፋ ታደርገዋለች፤ እንደዚህ አይደለም ማለቷ ነው። እንዴት እንደሆነ ልትነግረኝ አትችልም። እጄን አንስቼ እንደገና እሞክራለሁ፤ እንደገና ትገፋኛለች።