የድልድዩ ሽቦ

ኢዲዶ የምትባል የቡና መንደር ሄጄ፣ አንድ ሰው ግቢ ውስጥ ቀይ ቡና በሽቦ አልጋ ላይ ሲደርቅ አየሁ። ሽታው አባቴን አመጣብኝ።

በንጉሡ ዘመን መንገድ ሠሪዎች የመንደራችንን ድልድይ እግር ጎርፍ እንዳይቦረቡረው ድንጋይ ከምረው በሽቦ መረብ አስረውት ነበር። አባቴ በበጋ መረቡን ቆርጦ የቡና ማድረቂያ ሠራበት። እንደዚያ ዓመት ያማረ ቡና አልነበረንም።

ጎረቤታችን ሽማግሌው ድልድዩ ላይ ቆመው፣ «ልጄ፣ ወንዙ ተኝቶ ነው እንጂ አልሞተም» አሉት።

«ድንጋዩን አልነካሁም፣ አባባ። ሽቦውን ብቻ ነው።»

ክረምት ሲገባ ጎርፉ ድንጋዩን ለቅሞ ወሰደው፤ ድልድዩም ተከተለ።

አዲስ ድልድይ ከተሠራ በኋላም አባቴ እስኪሞት ድረስ ሱሪውን ሰብስቦ በውሃው ውስጥ ነበር የሚሻገረው።

ባለ ቡናውን «ሽቦውን ከየት አመጣኸው?» ልለው አልኩና ተውኩት።